ማኅተሙ ማን ጋ ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ፣ በሜሴንጀር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ቅንጅት አራት ፓርቲ ነበር አሉ። አራቱም ኢትዮጵያ ኢትዮጵያ የሚሉ ከነበሩ ምን አጣላቸው?» በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ ተውኩት። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም፤ ክፍል ውስጥም በየዓመቱ ይነሳል። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የእኔ መልስ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ማኅተሙን ማን ይይዛል የሚለውን ጥያቄ ለነገ አሳደሩት።

ማኅተም ስል የእውነቱን ማኅተም ነው የምለው፣ ያንን ክቡን ጎማ። በእኛ አገር ፓርቲ ማለት በሕግ ፊት የምዝገባ ወረቀት፣ ስም፣ የምርጫ ምልክትና ማኅተም ነው። ሚሊዮን ደጋፊ ኖሮህ ማኅተም ከሌለህ አንድ ደብዳቤ ለምርጫ ቦርድ ማስገባት አትችልም። ዕድር ውስጥ ያለ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ዕድር ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማኅተሙ ማን ቤት ነው ያለው?» ተብሎ ነው እኮ።

አሁን ወደ ታሪኩ። ከ1983 በኋላ በአገራችን ሁለት ዓይነት ብሔርተኝነት ጎን ለጎን ሲሄድ ቆይቷል። አንዱ የብሔር ብሔርተኝነት ነው፦ የኦሮሞ፣ የሲዳማ፣ የሐዲያ፣ እዚህ እኛ ጋ ደግሞ የካፋ፣ የሸካ፣ የቤንች፣ የሸኮ። ሌላው «የአንድነት ኃይል» የምንለው የኢትዮጵያ ብሔርተኝነት ነው። ሁለተኛውን ብሔርተኝነት ብለህ ስትጠራው የሚቆጡ አሉ፤ ግን ያው ነው፣ «ይህች አገር የማን ናት?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ይዞ የተደራጀ ኃይል ብሔርተኛ ነው። ሁለቱም ብቻቸውን ገዢውን ፓርቲ እንደማይችሉት ያውቁ ስለነበር ሁለቱም በየጊዜው ጥምረት ይፈጥሩ ነበር። ኢሕአዴግ ራሱም ጥምረት ነበር፤ እሱን ወደኋላ እመለስበታለሁ።

የደቡብን ብንወስድ መጀመሪያ የምናገኘው የዶ/ር በየነ ጴጥሮስን የደቡብ ኅብረት ነው። በሽግግሩ ጊዜ የየብሔረሰቡ ትንንሽ ድርጅቶች ተሰባስበው ያቋቋሙት ነው። ዶ/ር በየነ ያኔ የትምህርት ምክትል ሚኒስትር ነበሩ። በ1985 ፓሪስ ላይ ተቃዋሚዎች ጉባኤ ሲያደርጉ የጉባኤውን ውሳኔ ደገፋችሁ ተብለው ከኅብረቱ አምስት ድርጅቶች ከሽግግሩ የተወካዮች ምክር ቤት ተባረሩ። ያ ትምህርት ለሁሉም ደረሰ፦ ከመንግሥት ውጭ መቀናጀት ዋጋ አለው።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1995 ክረምት፣ ዋሽንግተን ላይ ሌላ ትልቅ ጥምረት ተመሠረተ፤ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረት፣ እኛ «ኅብረት» የምንለው። እዚህ ላይ ቆም በሉና ዝርዝሩን እዩት። ኢሕአፓ አለበት። መኢሶንም አለበት። በ1969 እና በ1970 አዲስ አበባ መንገድ ላይ የተገዳደሉት እነዚያው ሁለቱ ድርጅቶች አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ! የዶ/ር በየነ የደቡብ ኅብረትም፣ የዶ/ር መረራ ጉዲና የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስም አሉበት። ይሄን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪ አያምነኝም፤ «ቲቸር፣ ቀይ ሽብር ላይ የተጋደሉት?» ይለኛል። አዎ፣ እነሱው።

ቅንጅት የመጣው በ1997 መጀመሪያ ወራት ነው። አራት ፓርቲ፦ የኢንጂነር ኃይሉ ሻውል መኢአድ፣ አቶ ልደቱ አያሌው የነበሩበት ኢዴፓ-መድኅን፣ ኢዴሊ፣ እና ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ የነበሩበት አዲሱ ቀስተ ደመና። መኢአድ ሥሩ የፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ መአሕድ ነው፤ ማለትም የአማራ ድርጅት ሆኖ ጀምሮ ነው ስሙን ወደ መላው ኢትዮጵያ የቀየረው። ኢዴፓ በወጣቶች የተመሠረተ ነው። ቀስተ ደመና የምሁራን ስብስብ ነው፣ ገና ጥርሱን ያላበቀለ፣ ግን በቴሌቪዥን ክርክር ላይ ሰውን የሚይዝ። መኢአድ በየገጠሩ መዋቅር ነበረው፣ ኢዴፓ ተናጋሪ ነበረው፣ ቀስተ ደመና ስም ነበረው። እያንዳንዱ ሌላው የሌለውን ይዞ መጣ። ጥሩ ጋብቻ ይመስላል አይደል?

እኔ ያኔ ሚዛን ተፈሪ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ክርክሩ በሬዲዮ ሲተላለፍ ሻይ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር፤ ስኳር ማማሰል እንኳ ያቆሙ ነበር ማለት ይቻላል። የቅንጅት ምልክት ሁለት ጣት ነበር፣ የኢሕአዴግ ንብ። ልጆች ሆነን ትርጉሙን ሳናውቅ ጣታችንን እየቀሰርን እንሮጥ ነበር። ሚያዝያ 30 አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ላይ የወጣው ሕዝብ ወሬ እዚህ የደረሰን በማግሥቱ ነው፣ ከጅማ በመጣ አውቶቡስ ሾፌር አፍ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ ሆነ። በመጨረሻ የታወጀው ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር ነው። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት ከ138 የምክር ቤት ወንበር 137ቱን ወሰደ። የቀረውን ታውቃላችሁ፦ ተጭበርብሯል የሚል ክስ፣ ሰኔ 1 ላይ ተኩስ፣ በጥቅምት 1998 እንደገና ተኩስ። አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪልና 6 ፖሊስ እንደሞቱ ቆጠረ። መሪዎቹ ታሰሩ።

ብዙ ሰው ቅንጅትን መንግሥት ነው ያፈረሰው ይላል። እስሩና ጥይቱ የመንግሥት ነበር፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ስንጥቁ ከእስሩ በፊት ነው የታየው። ከምርጫው በኋላ አራቱ «ከቅንጅት ወደ አንድ ፓርቲ እንዋሃድ» ብለው ወሰኑ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቅንጅት ሲሆኑ እያንዳንዱ የራሱ ማኅተም አለው። ሲዋሃዱ አራቱ ማኅተም ተሰብስቦ አንድ ይሆናል። ሦስቱ ተስማሙ፤ ኢዴፓ-መድኅን ማኅተሙን ሳያስረክብ ቀረ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ የሚል ሌላ እሳት ነበር፤ ስምንት ነጥብ ቅድመ ሁኔታ ቀርቦ ነበር። አቶ ልደቱ በአንድ ወር ውስጥ ከጀግና ወደ ከሃዲ ተቀየሩ። እሳቸው የራሳቸውን በመጽሐፋቸው፣ ዶ/ር ብርሃኑ ደግሞ የራሳቸውን በእስር ቤት በጻፉት «የነፃነት ጎህ ሲቀድ» ነግረውናል። ሁለቱን አከታትሎ ያነበበ ሰው ስለ ሁለት የተለያየ አገር ያነበበ ይመስለዋል። እኔ ማንም ከሃዲ ነበር ብዬ አላስተምርም። ኢዴፓ ያነሳው የአሠራር ጥያቄ ጥያቄ ነበር፤ ጊዜው ግን ሰው እየሞተ ያለበት ጊዜ ስለነበር ሕዝብ ስለ አሠራር የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ጥያቄው መነሳት የነበረበት ጥቅምት 1997 ነው፣ ጥቅምት 1998 አይደለም።

መሪዎቹ ሐምሌ 13 ቀን 1999 በይቅርታ ተፈቱ። ከዚያ የሆነው ነው የሚያስገርመኝ። ቅንጅት የሚለው ስምና ያ ሁለት ጣት በ2000 በምርጫ ቦርድ ውሳኔ የምክር ቤት አባል ለነበሩት ለአቶ አየለ ጫሚሶ ቡድን ተሰጠ። ማለትም ሰው የሞተለት ምልክት፣ ጣታችንን የቀሰርንበት ምልክት፣ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳም ኢንጂነር ኃይሉም የሌሉበት ሆነ። ወይዘሪት ብርቱካን አዲስ ስም ይዘው መጀመር ነበረባቸው፤ አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ፣ ሰኔ 2000። ኢንጂነር ኃይሉ መኢአድን ይዘው ቀሩ። ልብ በሉ፣ በኅብረት በኩልም ያው ነው የሆነው። የውጪዎቹ ድርጅቶችና የአገር ቤቶቹ ፓርላማ መግባት ላይ ተጣሉ፤ የዶ/ር መረራ ኮንግረስ ስም ደግሞ በቦርዱ ዕውቅና ለሌላ ቡድን ሄደና እሳቸው በሌላ ስም ፓርቲ አቋቋሙ። ሁለት ጥምረት፣ አንድ ዓይነት ሞት። ቦርዱን ብቻ መውቀስ ይቻላል፤ ወቃሹም ብዙ ነው። ግን ሌላ ሰው እንዲወስደው ክፍት ሆኖ የተተወ በር ነበር እኮ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ፤ ይሄን ጽሑፍ የጀመርኩት በእሱ ምክንያት ነውና።

የዚያኑ የ1997 ውጤት ዝርዝር እስከ መጨረሻው ብታነቡት፣ ከ327ቱና ከ109ኙ በታች፣ ከሶማሌ፣ ከአፋር፣ ከቤኒሻንጉልና ከጋምቤላ ድርጅቶች በታች፣ አንድ ወንበር ያገኘ ድርጅት ታገኛላችሁ፦ የሸኮና መዠንገር ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ አንድነት ድርጅት። አንድ ወንበር። አዲስ አበባ ማንም ልብ አላለውም። ቴፒ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ከሩቅ ለምታነቡ፦ ሸኮና መዠንገር ሁለት ሕዝብ ናቸው። የሸኮ ቋንቋ ከቤንችና ከዲዚ ቋንቋ ጋር የሚመደብ የኦሞ ቋንቋ ነው። የመዠንገር ግን የናይሎ-ሳህራ ነው፣ ወደ ሱርማ የሚጠጋ። በቋንቋ የሥጋ ዝምድና የላቸውም። የሚያገናኛቸው ጫካው ነው፦ ማሩ፣ ቡናው፣ ጎረቤትነቱ። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የመንግሥት ቡና እርሻ ሲስፋፋ፣ ሠፋሪ ሲመጣ፣ ከተማ ሲያድግ ሁለቱም ወደ ዳር ተገፉ። በፌዴራሉ አወቃቀር ደግሞ መዠንገር ጋምቤላ ውስጥ ዞን አገኘ፤ ሸኮ ቤንች ማጂ ውስጥ ገባ፤ ሁለቱም የሚኖሩባት ቴፒና የኪ ወረዳ ግን ሸካ ውስጥ ሆነች። «የኪን ማን ያስተዳድራት?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። ሸካቾውም የራሱ መልስ ነበረው፣ የራሱ ታሪክም፣ የራሱ መሬትም፤ እሱንም መስማት ያስፈልጋል። ጥያቄው በመጋቢት 1994 ወደ ደም ተቀየረ። ብዙ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ኢሰመጉ ሪፖርት አወጣ፣ ባለሥልጣናትና ፖሊሶች ታሰሩ። የሞቱትን የሚያስታውሱ ቤተሰቦች ዛሬም ቴፒ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ቡና ይሸጣሉ፤ ስለዚህ ዝርዝሩን እዚህ አልዘረግፍም፣ እናንተም ከታች እንዳትዘረግፉ አደራ።

ለእኔ ትልቁ ነገር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያ ሁሉ ካለፈ ከሦስት ዓመት በኋላ ያ የሁለት ሕዝብ ድርጅት ለምርጫ ቀርቦ ወንበር አገኘ፤ አልተበተነም። ቋንቋቸው የማይገናኝ ሁለት ሕዝቦች ያቆሙት ጥምረት ቆመ፤ ቋንቋቸው፣ ባንዲራቸው፣ መፈክራቸው አንድ የሆነ አራት ፓርቲዎች ያቆሙት ፈረሰ። ለምን? የኔ ግምት ይሄ ነው። ሸኮና መዠንገር የተጣመሩበት ጉዳይ አንድና የሚጨበጥ ነበር፦ ወረዳ። ስሙ ላይ ሁለቱም ተጽፈዋል። ማን ማንን እንደሚውጥ የሚያጠራጥር ነገር የለም። ቅንጅት የተጣመረበት ጉዳይ ኢሕአዴግን ማውረድ ነበር። «ከወረደስ በኋላ?» ሲባል መኢአድ የሚያስባት ኢትዮጵያና ቀስተ ደመና የሚያስባት ኢትዮጵያ አንድ አልነበሩም፤ ክልሎቹ ምን ይሁኑ፣ አንቀጽ 39 ምን ይሁን፣ መሬት ምን ይሁን። ስለ ኢትዮጵያ መዝፈን አንድ ያደርጋል፤ ስለ መሬት ፖሊሲ መጻፍ ይለያያል።

እርግጥ ትንሽ መሆንም ዕድሜ አይሰጥም። በ2002 ምርጫ ወንበር ካገኙት ድርጅቶች ውስጥ የሸኮና መዠንገር ስም የለም። ያ ምርጫ ግን የማንም ስም የሌለበት ነው፤ ኢሕአዴግ ብቻውን ከ547ቱ 499 ወስዶ የቀረውን አጋሮቹ ተካፈሉት። መድረክ፣ ያኔ የነበረው ትልቁ ጥምረት፣ አንድ ወንበር አገኘ፣ ከአዲስ አበባ።

መድረክን በአንድ አንቀጽ አልፈዋለሁ፤ ታሪኩ ተመሳሳይ ስለሆነ ነው። እነ አቶ ገብሩ አስራት ከአረና፣ እነ ዶ/ር መረራ፣ እነ ዶ/ር በየነ፣ በኋላ ደግሞ አንድነት። የብሔርና የአንድነት ብሔርተኛው በአንድ ጠረጴዛ፤ ሐሳቡ ከሁሉም የበሰለ ነበር ባይ ነኝ። ግን አንድነት ፓርቲ ውስጥ ገና ለመግባት ሲወሰን «መርህ ይከበር» የሚል ቡድን ተነስቶ ቤቱን ለሁለት ከፈለው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም አንድነትና መድረክ ተለያዩ።

ይሄ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። ፌስቡክ ላይ ባንዲራዋን እየለጠፋችሁ ሩሲያ ሩሲያ የምትሉ ልጆች ይሄን አድምጡ። ሶቪየት ኅብረት እንደፈረሰ፣ በ1985 መግቢያ (በአውሮፓውያን 1992) ኮሚኒስቱና ብሔርተኛው ተቀናጅተው «ብሔራዊ የመዳን ግንባር» የሚባል አቋቋሙ። ቀይ ባንዲራና የዛር ባንዲራ አንድ ሰልፍ ላይ። የእኛን መኢሶንና ኢሕአፓ አያስታውሳችሁም? የልሲን ወዲያው አገደው፤ በዓመቱ ፓርላማው በታንክ ሲደበደብ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ የዚያ ግንባር ሰዎች ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ ሌላ መጣ፤ «ሮዲና» ይባላል፣ እናት አገር ማለት ነው። ዲሚትሪ ሮጎዚን የሚባል ብሔርተኛና ሰርጌይ ግላዚዬቭ የሚባል ኢኮኖሚስት ይመሩታል። ከምርጫው ጥቂት ወራት በፊት ተሰብስበው 9 በመቶ ድምፅ አገኙ፤ ሁሉም ደነገጠ። ከዚያስ? ግላዚዬቭ በራሱ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፣ ሮጎዚን ከፓርላማ ቡድኑ መሪነት አስነሳው፣ በ2006 ሮዲና ራሱ ሌላ ፓርቲ ውስጥ ገብቶ ቀለጠ። ሁለቱም እናት አገራቸውን ይወዱ ነበር። አንዷን እናት ለሁለት መውደድ እኮ ነው አስቸጋሪው፤ ወንድማማቾች ውርስ ላይ ሲጣሉ አይታችኋል።

አሁን ኢሕአዴግን። እሱም የአራት ድርጅት ግንባር ነበር፣ አራት ማኅተም ያለው። 27 ዓመት በአንድነት ገዛ፤ ምክንያቱም ማኅተሙ ማን ጋ እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ መናገር ግን አይፈልግም። በኅዳር 2012 ብልጽግና ሲመሠረት ሦስቱ ማኅተማቸውን አስረከቡ፤ ሕወሓት አላስረክብም አለ። በ1998 ከኢዴፓ ጋር የሆነውን አስታውሱ። ምርጫ ቦርድ እንደ ፍቺ ዳኛ ተቀምጦ የግንባሩ ንብረት ይከፋፈል ብሎ እስከመወሰን ደረሰ። የቦርዱ ሰብሳቢ ያኔ ማን ነበሩ? የቅንጅቷ ብርቱካን ሚደቅሳ! ታሪክ አንዳንዴ ይቀልዳል። ቀልዱ ግን ብዙ አልቆየም፤ በዓመቱ ትግራይ ውስጥ ጦርነት ተጀመረ።

መጨረሻ ላይ የራሳችንን ክልል ላንሳ። መስከረም 20 ቀን 2014 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ምዕራብ ኦሞ፣ ዳውሮና ኮንታ። ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው በአንድ ክልል እንደራጅ አለ። በኅዳር ወር ቦንጋ ላይ ክልሉ በይፋ ተመሠረተ። ይሄ ፓርቲ አይደለም፣ ግን ጥምረት ነው፤ የሕዝቦች ጥምረት። ደግሞ እነዚህ ሕዝቦች ትናንት በወሰን የተጣሉ ናቸው፤ ከላይ ያለውን አንብባችኋል። ምን አደረጉ? ማኅተሙን መጀመሪያውኑ ተካፈሉት። ዋና ከተማው አንድ አይሁን ተባለ፤ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ ተካፈሉት። የሥራ ቋንቋው አማርኛ ይሁን ተባለ፣ የማንም ብሔረሰብ ቋንቋ ሌላውን እንዳይውጥ። የዞኑ ስም ላይ «ሸኮ» የሚል ገብቷል፤ ቤንች ሸኮ። ያ የ1997 አንድ ወንበር ያልፈታውን ነገር ስም ብቻ አይፈታውም፣ ግን ስሙ አለ።

ይሄ ነገር ያማል እንዴ? ያማል! አንድ ወረቀት ለማስፈረም ከሚዛን ቦንጋ፣ ከቦንጋ ተርጫ የሚሄድ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ በክረምት ደግሞ እግዜር ያውቀዋል። ወጪው ብዙ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ «አራት ዋና ከተማ? ቀልድ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን መምህር ነኝ፣ በ1994 ቴፒ ላይ የሆነውን ያዩ ወላጆች ልጆች ናቸው ክፍሌ ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡት። ውድ መንገድ ነው፤ ሌላውን መንገድ ግን ዋጋውን አይተነዋል።

ለተማሪዬ፦ አንተ የጠየቅከኝ ምን አጣላቸው ብለህ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ፓርቲዎች እንደገና ስለ መቀናጀት ማውራታቸው አይቀርም። መግለጫቸውን ስታነብ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ዝለለውና ወደ መተዳደሪያ ደንቡ ሂድ። ሊቀመንበሩ እንዴት ይቀየራል? ቢለያዩ ስሙን ማን ይወስዳል? ምልክቱስ? እሱ ከሌለበት ዶክመንቱን ዝጋው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቴፒ፣ የኪ፣ ሸኮ ወይም ጉራፈርዳ ያላችሁ፣ የ1997ን የምርጫ ፖስተር ወይም የመራጭነት ካርድ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ካለ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የማንም ፓርቲ ቢሆን ግድ የለም። የ11ኛ ክፍል ልጆች ንቡንም ሁለቱን ጣትም በዓይናቸው እንዲያዩ እፈልጋለሁ።